ተወዳድሮ መወዳጀት

በየዓመቱ ነሐሴ ሲገባ፣ ክረምቱ ገና ሳይወጣ፣ በደብረ ታቦር ዙሪያ ባሉት ኮረብታዎች ላይ የጅራፍ ድምፅ ይሰማል። የፋርጣ እረኛ ከፍ ካለው ጉብታ ላይ ቆሞ ጅራፉን ሲያጮኸው፣ ከሸለቆው ማዶ ያለው የሌላው መንደር ልጅ ይመልስለታል። የማን ጅራፍ ይበልጥ እንደ ጮኸ ይከራከራሉ፤ አንዳንዴም ተገናኝተው ይገራረፋሉ። ቡሄ ሲደርስ ግን ችቦው ይበራል፤ ትናንት የተገራረፉት ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ ከደጅ ወደ ደጅ ይዞራሉ፤ ያገኙትንም ሙልሙል ተካፍለው ይበላሉ። የከተማይቱም ስም ከዚሁ በዓል ጋራ የተያያዘ ነው፤ ደብረ ታቦር ማለት የታቦር ተራራ ማለት ነውና።

ይህን የልጆች ጨዋታ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። የደብረ ታቦር ልጅ ገና ፊደል ሳይቆጥር አንድ ቁም ነገር ተምሮአል። ይኸውም ሰው ከተወዳደረው ሰው ጋራ የግድ ጠላት እንደማይሆን ነው፤ እንዲያውም ብርታቱን የፈተነለት እርሱ ስለ ሆነ ከሌላው ሰው ይልቅ ያውቀዋል። ዛሬ ወጣቶች በሒሳብ፣ በሕግ ክርክር፣ በመሣሪያ ሥራና በልዩ ልዩ ጥበብ ከዓለም ተማሮች ጋራ ለመወዳደር ባሕር ይሻገራሉ። ታዲያ ተወዳዳሪ ሆኖ የሄደው ልጅ ወዳጅ ይዞ ይመለሳል ወይስ የምስክር ወረቀት ብቻ? በዛሬው ጽሑፋችን ይህን ጉዳይ ከአንባቢያችን ጋራ ልንመለከተው አስበናል።

የአንድ ጎጆ ልጆች

የደቡብ ጎንደር ደጋ ከጥንት ጀምሮ ከሩቅ የመጣ ተማሪ ሲያስተናግድ የኖረ አገር ነው። ድጓ የሚመሰከርባት ቤተ ልሔምና ዝማሬ መዋሥዕት የሚመሰከርባት ዙር አምባ በጋይንት ምድር ይገኛሉ፤ ደብረ ታቦርም በተክሌ አቋቋም ስሟ የታወቀ ነው። ወደነዚህ ጉባኤ ቤቶች ተማሪው ከጎጃም፣ ከሸዋ፣ ከትግራይ፣ ከወሎና ከላስታ በእግሩ ይመጣ ነበር፤ ዛሬም የሚመጣ አለ። ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ በዱላው ውሻ እየተከላከለ ከመንደር ወደ መንደር ቁራሽ ይለምናል። መኪናና አውሮፕላን ባልነበረበት ዘመን ብዙ ቀን ተጉዞ፣ ዘመድ በሌለበት አገር፣ አነጋገሩ ለየት ካለ ሕዝብ መካከል መግባት ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ ትንሽ ነገር አልነበረም፤ ለእርሱ ያ ውጭ አገር ነበረ።

በቅኔ ቤት ውድድሩ የዕለት ተዕለት ነው። ተማሪው የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ቢደግመው ዋጋ የለውም፤ በየጊዜው አዲስ መቁጠር ይገባዋል። የቆጠረውንም ወስዶ ለመምህሩ ያቀርባል፤ መምህሩ በጓደኞቹ ፊት ያርሙታል፤ ያማረለት ይመሰገናል፤ የተበላሸበት አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል። ሲመሽ ግን ነገሩ ይለወጣል። ቀን በጉባኤው የበለጠው ልጅ ማታ በጎጆው ውስጥ ጭራሮ አንድዶ የተሰናከለበትን ምሥጢር ያስረዳዋል። የለመኑትንም ቁራሽ በአንድ ላይ አድርገው ይበላሉ። የቀኑ ተወዳዳሪ የማታው አስተማሪ ይሆናል ማለት ነው።

እነዚህ የአንድ ጎጆ ልጆች ሲመረቁ ወደየአገራቸው ይበተናሉ። አንዱ በአንዱ አገር አለቃ፣ ሌላው በሌላው አገር መሪጌታ ሆኖ ይቀመጣል። ከሃያ ዓመት በኋላ አንዱ በሌላው ደጅ ሲያልፍ ግን ማደሪያ አያጣም፤ የተማሪነቱ ጎጆ እዚያም ተከትሎት ደርሶአል። አገርን ከአገር ካስተሳሰሩት ገመዶች አንዱ ይህ የተማሪ ወዳጅነት መሆኑን ብዙ ሰው አያስተውለውም።

እንግዲህ ከዚህ የምንረዳው፣ ወዳጅነት በመልካም ንግግርና በግብዣ ብቻ የማይጸና መሆኑን ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ከባድ ነገር በአንድ ጊዜ ሲታገሉ፣ አንዱ የሌላውን ድካምና ብልሃት ሲያይ፣ ያን ጊዜ የሚወለደው መተዋወቅ ይሰነብታል። ውድድርም ይህን ዕድል ይሰጣል።

የጋፋት ባለ እጆች

ከደብረ ታቦር ጥቂት ራቅ ብሎ ጋፋት የሚባል ስፍራ አለ። በ1850ዎቹ ዓመተ ምሕረት ወደዚህ ስፍራ የደረሰ መንገደኛ ከአማርኛው ጋራ ጀርመንኛና ፈረንሳይኛ ሲነገር ይሰማ ነበር። ከስዊስ፣ ከጀርመን፣ ከፈረንሳይና ከፖላንድ የመጡ ሰዎች በዚያ ቤት ሠርተው ይኖሩ ነበርና። ከነርሱም መካከል አንዳንዶቹ በባዝል ከተማ አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና የሚሲዮን ትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶች ነበሩ። ለምሳሌ ስዊሳዊው ቴዎፍሎስ ዋልድማየር አገራችን ሲገባ ሠላሳ ዓመት አልሞላውም ነበር።

ዓፄ ቴዎድሮስ የአውሮፓን የእጅ ሥራ ለአገራቸው ሕዝብ ለማስተማር እጅግ ይመኙ ስለ ነበር፣ እነዚህን ሰዎች በጋፋት አስቀምጠው ወጣቶችን እንዲያሠለጥኑ፣ መንገድና ሠረገላ እንዲሠሩ፣ በኋላም መድፍ እንዲያፈሱ አዘዙ። ወጣቶቹ መድፍ አፍስሰው አያውቁም ነበር። ደጋግመው ሞክረው ከከሸፈባቸው በኋላ ግን ፖላንዳዊው ሞሪትዝ ሃልና ሌሎቹ ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋራ ሆነው ሥራውን አቃኑት። የመጨረሻውና ታላቁ መድፍ ሴባስቶፖል ሰባት ቶን ያህል ይመዝናል። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ መንገድ እየተቆረጠለት፣ በሰው ጉልበት ሲሳብ ስድስት ወር ያህል ፈጅቶ መቅደላ ደረሰ፤ ዛሬም በዚያው ይገኛል።

ጋፋት በዚያን ጊዜ ልዩ ልዩ ሕዝብ የተገናኘበት የሥራ ትምህርት ቤት ነበረ ብንል ማጋነን አይሆንም። ዋልድማየር አማርኛ ተማረ፤ የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልንና የኢትዮጵያዊት ባለቤቱን ልጅ አገባ። ከመቅደላ በኋላ ወደ ሊባኖስ ሄዶ በብሩማና ትምህርት ቤት፣ በኋላም በአስፉሪየህ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አቋቋመ።

ነገር ግን እውነቱን ሳንሸፋፍን መናገር አለብን። የጋፋት ሰዎች መጀመሪያ ተወደዱ፤ ተሸለሙ፤ ተከበሩ፤ በኋላ ደግሞ ተጠረጠሩ፤ ታሰሩ። ዕውቀታቸው ይፈለግ ነበር፤ ወደ አገራቸው የመመለስ ነፃነት ግን አልነበራቸውም። በአንጻሩ ጆን ቤልን እንመልከት። ማንም ሳያስገድደው ከንጉሠ ነገሥቱ ጋራ ኖረ፤ ሊቀ መኳስ ተባለ፤ በ1853 ዓ.ም. ንጉሡን ሲከላከል ተገደለ። ሁለቱን ታሪኮች ስናስተያይ በግዳጅ የተገኘ ዕውቀትና በፈቃድ የተገኘ ወዳጅ እኩል ክብደት እንደሌላቸው እንገነዘባለን። መድፍ በትእዛዝ ይፈሳል፤ ወዳጅ ግን በትእዛዝ አይገኝም።

ሳይመለስ የቆየው ደብዳቤ

ዓፄ ቴዎድሮስ ራሳቸው ወዳጅ ፈልገው እንደ ነበር ታሪክ ይመሰክራል። በ1855 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ ደብዳቤ ጽፈው ወዳጅነት ጠየቁ፤ መልእክተኞች ለመላክም እንዳሰቡ ገለጹ። ደብዳቤው በቆንሲል ካሜሮን በኩል ተልኮ በዚያው ዓመት በየካቲት ለንደን ደረሰ። እዚያም የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሰዎች ተቀብለው ወደ ጎን አስቀመጡት። ከአንድ ዓመት በላይ መልስ የሚባል ነገር አልተጻፈም።

ንጉሠ ነገሥቱ ቢጠብቁ ቢጠብቁ የሚመጣ ነገር የለም። ሌላም ሌላም ጥርጣሬ ተጨመረና በ1856 ዓ.ም. ቆንሲሉን አሰሩት። የእስራቱ ወሬ ለንደን ሲሰማ በግንቦት ወር መልሱ በችኮላ ተጻፈ፤ ሆርሙዝድ ራሳም ይዞት መጥቶ ለንጉሠ ነገሥቱ የሰጠው ግን በጥር 1858 ዓ.ም. ነው። ከጥያቄው እስከ መልሱ ሦስት ዓመት አለፈ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። የናፒየር ጦር መጣ፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ በመቅደላ አረፉ። የሰባት ዓመት ልጃቸው ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ፤ በቼልትናምና በራግቢ ትምህርት ቤት ገባ፤ በሳንድኸርስትም የጦር ትምህርት ጀመረ፤ በ1872 ዓ.ም. በአሥራ ስምንት ዓመቱ ሞቶ በዊንድሶር ተቀበረ። ባዕድ አገር ለትምህርት የገባ ኢትዮጵያዊ ልጅ ብዙ አይተናል፤ የዚህን ልጅ ያህል ብቸኛ የነበረ ግን ያለ አይመስለንም።

ጦርነቱ በአንድ ደብዳቤ ምክንያት ብቻ መጣ አንልም፤ የታሪክ ነገር እንዲህ ቀላል አይደለም። ይሁን እንጂ ወዳጅነት የጠየቀ ደብዳቤ በአንድ ጸሐፊ ጠረጴዛ ላይ ሲያድር ምን ዓይነት ጉዳት ሊያስከትል እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አናገኝም። የደብረ ታቦር ልጅ ይህን ታሪክ ሊረሳው አይገባም፤ ወደ መጨረሻው እኛም እንመለስበታለንና።

ሕጉ ራሱ የሚያወዳጅበት ውድድር

ደብረ ታቦር ከዚያ ወዲህም ከዓለም ተለይታ አልኖረችም። ከወረታ ተነሥቶ በከተማይቱ በኩል ወደ ወልድያ የሚሄደውን መንገድ የሠሩት ቻይናውያን ናቸው፤ በዚህም የተነሣ ሕዝቡ የቻይና መንገድ ይለዋል። ዛሬ የፎገራን ሜዳ የሞላውን ሩዝ ለገበሬው ያስተዋወቁት ከሰሜን ኮሪያ የመጡ ባለሙያዎች ነበሩ። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲም በ2004 ዓ.ም. ማስተማር ከጀመረ ወዲህ ከየክፍለ ሀገሩ የመጣው ተማሪ በአንድ አዳራሽ ይቀመጣል፤ የቴክኖሎጂ ተቋሙም የጋፋትን ስም ይዞአል።

የኢትዮጵያ ተማሪ ከውጭ አገር ተማሪ ጋራ ጎን ለጎን ተቀምጦ መፎካከር የጀመረውም ዛሬ አይደለም። በ1950 ዓ.ም. የአፍሪካ ነፃ መንግሥታት በአክራ ሲሰበሰቡ ኢትዮጵያ ለአፍሪካውያን ተማሮች 200 የነፃ ትምህርት ዕድል ሰጠች። ከዚያም ከኬንያ፣ ከታንጋኒካ፣ ከናይጄሪያና ከሌሎችም አገሮች ወጣቶች እየመጡ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገቡ። ከኢትዮጵያውያን ጋራ በአንድ ክፍል ተማሩ፤ በአንድ ምግብ ቤት በሉ፤ በክርክርም ተፋጠጡ። እንግዶቹ ስለ ነፃነትና ስለ አስተዳደር በግልጥ ሲናገሩ የኛዎቹ ተማሮች ተደነቁ፤ ብዙም ነገር ከነርሱ ቀሰሙ። ዕድሉን የሰጠችው ኢትዮጵያ ነበረች፤ ይሁን እንጂ ሰጪዋም ተጠቅማለች።

በሕግ ትምህርት ቤቶች በኩል ያለውን እንመልከት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1992 የተጀመረው የአፍሪካ የሰብአዊ መብት የምስለ ችሎት ውድድር በፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ የሰብአዊ መብቶች ማዕከል አማካይነት ይዘጋጃል። ተማሮቹ ተፈጥሮ የተሰጣቸውን አንድ ክስ ይዘው በአፍሪካ ፍርድ ቤት ፊት እንደ ቆሙ ሆነው ይከራከራሉ፤ አንዱ በእንግሊዝኛ፣ ሌላው በፈረንሳይኛ ወይም በፖርቱጋልኛ። በ2006 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ውድድሩ በአዲስ አበባ ተደርጎ ነበር። በዚህ ውድድር እጅግ የሚያስደስተን የፍጻሜው ሥርዓት ነው። ለፍጻሜ የደረሱት ቡድኖች ለየብቻቸው አይቆሙም፤ በልዩ ልዩ ቋንቋ የተከራከሩት ተቀላቅለው ሁለት አዳዲስ ቡድኖች ይሆናሉ፤ አንዱ ከሳሽ፣ ሌላው ተከሳሽ። ትናንት ለማሸነፍ ሲያደባው የነበረውን ሰው ዛሬ ተማሪው ባልደረባው አድርጎ ያገኘዋል። ንግግራቸው በአስተርጓሚ እየተላለፈ አንድ ክርክር በጋራ ማዘጋጀት አለባቸው።

ሁለተኛው ምሳሌያችን የሒሳብ ውድድር ነው። የዓለም የሒሳብ ኦሊምፒያድ በ1951 ዓ.ም. በሩማንያ ሲጀመር ሰባት አገሮች ብቻ ነበሩ። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. በአውስትራልያ ሲደረግ ግን ከ110 አገሮች 630 ተማሮች ተሰብስበዋል። ከአንድ አገር ከስድስት ልጅ በላይ አይቀርብም። ፈተናው ሁለት ቀን ነው፤ በየቀኑ ሦስት ጥያቄ ይሰጣል፤ ለሦስቱም አራት ሰዓት ተኩል ይፈቀዳል። ከዚያ በኋላ አስተማሮቻቸው ስለ እርማቱ ሲነጋገሩ ተማሮቹ ሥራ የላቸውም፤ አገር ይጐበኛሉ፤ ይጫወታሉ፤ ከየአገራቸው ያመጡትን ትንንሽ ስጦታ ይለዋወጣሉ። በነዚህ ቀኖች የሚጀመረው ጨዋታ ብዙ ጊዜ «አንተ ያቺን ሦስተኛዋን ጥያቄ እንዴት አደረግሃት?» በሚል ነው። የአገሩን ስም እንኳ በትክክል የማይጠራለት ልጅ የችግሩን ልክ ግን ያውቅለታል።

ሦስተኛውና ለዛሬው ጉዳያችን የሚቀርበው የሮቦት ውድድር ነው። ፈርስት ግሎባል በሚባለው ድርጅት አማካይነት ከሐምሌ 9 እስከ 11 ቀን 2009 ዓ.ም. በዋሽንግተን ከተማ በተደረገው ጉባኤ ከ150 የሚበልጡ አገሮች ልጆች ተገኝተዋል። ለሁሉም አገር አንድ ዓይነት የዕቃ ሣጥን ይላካል፤ ሀብታሙም ድሀውም በዚያው ዕቃ ሮቦቱን ይሠራል። የዚያ ዓመት ጉዳይ ንጹሕ ውሃ ስለ ነበር ሮቦቶቹ በቀለማቸው የተለዩ ኳሶችን ይለቅማሉ፤ አንዱ ቀለም የንጹሕ ውሃ፣ ሌላው የቆሻሻው ምልክት ነው። ጨዋታው የሚፈጀው ሁለት ደቂቃ ተኩል ነው።

ብልሃቱ ከዚህ ይጀምራል። ማንም አገር ለብቻው አይጫወትም። ሦስት አገሮች አንድ ወገን ሆነው ከሌሎች ሦስት አገሮች ጋራ ይገጥማሉ። በሚቀጥለው ጨዋታ ወገኑ ይለዋወጣል፤ ያሁኑ ተቃራኒ ወደ ባልደረባነት ሊዞር ይችላል። ስለዚህ አንድ ቡድን ማሸነፍ ከፈለገ የሌላው አገር ሮቦት እንዳይበላሽ መመኘት ብቻ ሳይሆን ሲበላሽም ሮጦ መጠገን ይገባዋል። መፍቻ የጎደለው ይዋሳል፤ ባትሪ የተረፈው ያበድራል። የደብረ ታቦሩ የቅኔ ተማሪ ይህን ቢያይ አዲስ ነገር አይሆንበትም፤ የቀን ተወዳዳሪ የማታ አስተማሪ መሆኑን ቀድሞ ያውቃልና።

በዚያው ጉባኤ የአፍጋኒስታን ሴት ልጆች ከሄራት ከተማ ሊመጡ ተነሥተው ሁለት ጊዜ ቪዛ ተከለከሉ። ነገሩ በዓለም ጋዜጦች ከተጻፈ በኋላ በመጨረሻው ሰዓት ተፈቀደላቸውና ደረሱ፤ ስለ ድፍረታቸውም የብር ሜዳልያ ተሸለሙ። አንድ ፊርማ በር እንደሚዘጋ፣ አንድ ፊርማም እንደሚከፍት ይህ ግልጥ ማስረጃ ነው።

የጨዋ ልጅ ዝምታ

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። የኛ አገር ልጅ በዕውቀት ከማንም አያንስም፤ ወዳጅ በማበጀት በኩል ግን አንድ ችግር እንዳለበት በበኩላችን ታዝበናል። በደጋው አገር ጨዋ ልጅ ማለት ሳይጠየቅ የማይናገር፣ ከታላቅ ፊት ዓይኑን ሰበር የሚያደርግ፣ ራበኝ የማይል ልጅ ነው። ይህ አስተዳደግ በአባቶቹ ቤት ያስከብረዋል። በዓለም አቀፍ ጉባኤ ላይ ግን ዝምታው ኩራት ይመስልበታል። ሌላው አገር ልጅ መጥቶ እንዳያናግረው ይፈራል፤ እርሱም እንግሊዝኛዬ ይሰበራል ብሎ ይሉኝታ ይይዘዋል። በመጨረሻም ከአገሩ ልጆች ጋራ አንድ ማዕዘን ይዞ ይሰነብትና ከሄደበት ሳይገባ ይመለሳል።

መድኃኒቱ ከራሱ ከአስተዳደጉ ውስጥ ይገኛል። ያው ዝምተኛ ልጅ እንግዳ ቤቱ ሲመጣ ምን ያደርጋል? ተነሥቶ ያስቀምጣል፤ እጅ ያስታጥባል፤ ብሉ ጠጡ ይላል፤ ይጐርሳል ያጐርሳል። ታዲያ በጉባኤው አዳራሽ ራሱን እንደ እንግዳ መቁጠሩን ትቶ እንደ ባለቤት ቢቆጥር ወዲያው ይፈታል። ጥቂት የገብስ ቆሎ በከረጢት ይዞ ቢሄድና ለጎረቤቱ ቢዘግንለት ከረጅም ንግግር ይበልጣል። የሌላውን አገር ሰላምታ በየቋንቋው አምስት ስድስቱን ቢያጠና፣ ስሙን በትክክል መጥራት ቢለማመድ፣ ያላወቀውንም ሳያፍር «ይህን አሳየኝ» ቢል፣ በሦስት ቀን ውስጥ ብዙ ሰው ያውቃል። ማንም ሰው አዋቂ ተብሎ ሲጠየቅ ደስ ይለዋልና።

ከተለያዩ በኋላ ደግሞ ሌላ ሥራ አለ። በአዳራሹ የተለዋወጡት አድራሻ በኪስ ውስጥ ካረጀ ወዳጅነቱ አብሮ ያረጃል። ዛሬ መልእክት በስልክ በቅጽበት ይደርሳል፤ ወራት የሚፈጅ መርከብ መጠበቅ የለም። ስለዚህ መልስ ለማዘግየት ምክንያት አይኖረንም። በተመለሰ በሳምንቱ አንድ አጭር ደብዳቤ የሚጽፍ፣ በዓመቱም በእንቁጣጣሽ የሚያስታውስ ወጣት ከአሥር ዓመት በኋላ በየአገሩ መሐንዲስ፣ ሐኪምና ዳኛ የሆኑ ወዳጆች ይኖሩታል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል፤ የአንድ አገር ችግርም እንዲሁ ነው።

ለወጣት ሹማምንት አንድ ቃል

አንባቢያችን ከተማሪነት ወጥቶ በመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ፊት የተቀመጠ እንደ ሆነ ይህን የሚቀጥለውን ታሪክ ለእርሱ እናወጋለን። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የደጋ አገር ተማሪ ከጓደኞቹ ጋራ በሠራው ሥራ ምክንያት ወደ ውጭ አገር ውድድር ተጠርቶ ነበር። የጥሪው ደብዳቤ የመጣው ስሙን በማንጠራው በአንድ መሥሪያ ቤት በኩል ነው። አንዱ ሹም ለሌላው መራው፤ ሌላውም ለሚመለከተው ይተላለፍ ብሎ ጻፈበት፤ የሚመለከተውም ስብሰባ ላይ ነበረ። ደብዳቤው ልጁ እጅ ሲገባ የውድድሩ ቀን ካለፈ አሥራ አንድ ቀን ሆኖት ነበር።

ልጁን ባገኘነው ጊዜ ይቆጣል፤ ያለቅሳል ብለን ነበር። እርሱ ግን ወረቀቱን አጥፎ በእጁ እንደ ያዘ፣ «ጋሼ፤ የኔስ ይሁን፤ ከኛ ጋራ ሊሰለፉ የነበሩት ልጆች እንደማንመጣ የነገራቸው ሰው ይኖር ይሆን?» ብሎ ጠየቀን። የምንመልሰው አጣን። ስለ ራሱ ዕድል ሳይሆን ፊታቸውን አይቶ ስለማያውቃቸው ባልደረቦቹ ያስብ ነበር። እነርሱ አንድ ባዶ ቦታ ይዘው ሲጠብቁት በዓይኑ ታይቶታል።

ሦስት ዓመት መልስ ያጣውን የ1855ቱን ደብዳቤ ለማንሣት ያስገደደን ይህ ነው። ያን ደብዳቤ ወደ ጎን ያስቀመጡት የለንደን ጸሐፊዎች ክፉ ሰዎች ነበሩ ብለን አናስብም። ምናልባት ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል፤ ምናልባትም ከሩቅ ተራራ አገር የመጣ ወረቀት ቀላል መስሎአቸው ይሆናል። የኛም ሹም ክፉ አልነበረም። ነገር ግን የወጣት ዕድል የሚጠፋው በክፉ ሰው እጅ ብቻ አይደለም፤ ነገ አየዋለሁ በሚል ደግ ሰው መሳቢያ ውስጥም ይጠፋል። እንግዲህ ወጣት ሹም ሆይ፤ ከገጠር ትምህርት ቤት የመጣ ማመልከቻ ወይም ከባሕር ማዶ የመጣ ጥሪ በእጅህ ሲገባ ፀሐይ ሳትጠልቅበት አስተላልፈው። ማስታወቂያውም በዋናው ከተማ ብቻ ተለጥፎ እንዳይቀር ወደ ነፋስ መውጫ፣ ወደ እብናት፣ ወደ ስማዳም ይድረስ። የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከበስተጀርባው ያለው ልጅ ግን በተራራው ምክንያት ዕድሉ ሊጋረድበት አይገባም።

ይህን አጥብቀን የምንናገረው ዘመኑን አይተን ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የመድፍ ድምፅ እንደገና በደብረ ታቦር ተሰማ፤ በገዛ ቤታቸው የነበሩ ሰዎች ሞቱ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም በክልሉ የተነሣው ግጭት አያሌ ትምህርት ቤቶችን ዘግቶ ብዙ ሕፃናትን ከፊደል ለይቶአል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ስለ ዓለም አቀፍ ውድድርና ስለ ወዳጅነት መናገር ቅንጦት የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። እኛ ግን እንዲህ እናስባለን። መሣሪያ ሳይዙ መፎካከርን፣ ተሸንፎም የአሸናፊውን እጅ መጨበጥን ያልተማረ ትውልድ በምን ይታረቃል? ከማያውቀው አገር ልጅ ጋራ ሮቦት ጠግኖ ያደገ ሰው ከገዛ ጎረቤቱ ጋራ ተቀምጦ ለመነጋገር አይቸግረውም።

ነሐሴ በመጣ ቁጥር የኮረብታው ልጅ ጅራፉን ያጮኻል። ከዚያ በኋላ ዝም ብሎ ያዳምጣል። ከማዶ መልስ ከመጣ ጨዋታው ይቀጥላል፤ ችቦውም ሙልሙሉም ይከተላል። መልስ ካልመጣ ግን ልጁ ጥቂት ጠብቆ ጅራፉን ጠቅልሎ ወደ ከብቶቹ ይመለሳል። ዛሬ ከዓለም ዙሪያ የሚጠሩን ድምፆች ብዙ ናቸው። እንመልስላቸው።